ፓነሉ ውስጥ የቀረው ቁልፍ

ፊውዝ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሥራ ያስተማሩት አለቃው ናቸው፤ በጎረምሳነቱ ቶሎ የሚቃጠል ሰው ነበርና። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ የሚቃጠልበት ጉልበትም የለውም። ቁጣው ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቶለታል። በዚያ ቀን ወደ አረጋውያን መኖሪያው የመጣው የዕቃ ቦርሳውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያገላበጠ ነው፤ ሁለቱም ትከሻዎች ግን እኩል አኩርፈውታል። ጠዋት ሌላ ሕንፃ ላይ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ አርፍዷል፤ ጉልበቱ ደግሞ ከመሰላል ጋር ከተጣላ ሰነባብቷል።

የታዘዘው ሥራ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ የእሳት ማስጠንቀቂያው ፓነል ውስጥ የማገናኛ ካርድ መግጠም፣ ካርዱን ከበሮቹ ጋር ማያያዝ። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። መኖሪያው ውስጥ ስልሳ ሁለት ሰው አለ፤ አብዛኞቹ መርሳት የጀመራቸው ናቸው። ወጥተው እንዳይጠፉ ተብሎ ሰባቱም የውጭ በሮች በማግኔት ተቆልፈው ይውላሉ። እሳት ቢነሳ ደወሉ ይጮኻል፤ በሮቹ ግን የደወሉን ጩኸት የሚነግራቸው የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ተስፋው ዘበኛው ነበር፤ ቁልፍ ይዞ እየሮጠ ሰባት በር ይከፍታል ተብሎ፤ ያውም ዘበኛው ራሱ በዕድሜ ከነዋሪዎቹ ብዙም አያንስም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ካርዷ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ሥራዋም ፓነሉ እሳት ሲያይ በሮቹን «ልቀቁ» ማለት ብቻ ነው።

ፓነሉ፣ ማለትም የማስጠንቀቂያው መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ የተሰቀለው ከመመገቢያ አዳራሹ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ላይ ነው። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ አለቃ ተቀምጠዋል። አዎ፣ እኚያው አለቃ። ልጆቻቸው እዚህ ካስገቧቸው ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ፊውዝ ይህን ያውቅ ነበር፤ መጥቶ ሊጠይቃቸው ሲያስብ ሲያስብ ሥራ ሆኖ ነው የመጣው፤ እፍረቱም ከቦርሳው ጋር ትከሻው ላይ ነበር።

«አለቃ፣ እንደምን ዋሉ?»

አለቃ ቀና ብለው አዩት። «አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ፊውዝ ነኝ፣ አለቃ።»

«ፊውዝ ልጅ ነው» አሉ፣ ቁርጥ አድርገው። «አንተ ሽማግሌ ነህ።»

ትሪ ይዛ የምታልፍ ተንከባካቢ ሳቋ አመለጣት። «አይቀየሙ ጋሼ። እኔንም አንድ ቀን እህቴ ይሉኛል፣ አንድ ቀን ሌባ። ቁልፌን አጣሁ፣ ወደ ቤቴ መግቢያ አጣሁ እያሉ ቀኑን ሙሉ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ነው የሚውሉት።»

እውነትም የአለቃ ቀኝ እጅ የኮታቸውን ኪስ ይዳብሳል፤ ያጣና ወደ ሱሪ ኪስ ይወርዳል፤ ያጣና ተመልሶ ይወጣል። ፊውዝ ዞር ብሎ ፓነሉን ከፈተ፤ ሠራተኛ ሰው ሐዘኑን የሚደብቀው ሥራው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ያደረገው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያደርግ የኖረውን ነው። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፓነሉ ውስጥ ካለች ብሎን ላይ ሰቀለው። ይህን ደንብ ያመጡት አለቃ ናቸው። «ፓነል ስታስተኛ የቤትህን ቁልፍ ከውስጡ ስቀል» ይሉ ነበር። «ሳትቀሰቅሰው ከሄድክ የገዛ በርህ ይመልስሃል።» ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህንኑ ነው፤ ለፍተሻ ብሎ ያጠፋውን ረስቶ መሄድ። ፊውዝ በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ የገዛ በሩ ላይ ቆሞ ኪሱን ደብድቦ፣ ራሱን ረግሞ ተመልሷል። ሁለተኛም ደንብ ነበራቸው፤ ፓነል ሲተኛ ሰው ይነቃል። ሥራው የረዘመ እንደሆነ አለቃ ራሳቸው እያንዳንዱን ክፍል እየዞሩ ጭስ ካለ ያሸቱ ነበር። አዳዲሶቹ ልጆች በዚህ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ፤ የሚስቅ ሰው ገና ያልደረሰበት ነው።

መብራቱን ዘጋ፤ ባትሪዎቹን ነቀለ። ካርዷን ከመንካቱ በፊት የፓነሉን ባዶ ብረት ነካ፤ በእጅ ላይ ያለች ጥቂት ኤሌክትሪክ እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ድምፅ ሳታሰማ ትገድለዋለችና። ካርዷን በቦታዋ አስቀምጦ አራቱን ብሎኖች አሰረ፤ ጠፍጣፋውን ኬብል ሰካ፤ ከበሮቹ የመጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እያነበበ አያያዘ። መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠርጓል፤ የደከመው ግን ዓይኑ እንጂ መነጽሩ አልነበረም። አለቃ ከሥር ሆነው እጁን ይመለከታሉ። አንድ ብሎን ሲያመልጠው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ።

መብራቱንና ባትሪውን ሲመልስ ፓነሉ ካርዷን አወቃት። አዛውንቶቹ እንዳይደነግጡ ደወሉን ብቻ ዝም አሰኘና አንዱ የጭስ ጠቋሚ ላይ የመፈተሻ ጭስ ነፋበት። ሰባቱም በሮች በአንድ ጊዜ ቀጭ ብለው ለቀቁ። ካርዷ ሠራች፤ መከራውም ተጀመረ። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አሥራ አንዱ በር መከፈቱን ሲያዩ እግሬ አውጪኝ አሉ፤ ሩጫው በምርኩዝ ነው እንጂ። አንዲት እናት ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ዋናው መንገድ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም።

«ዝጋው! በፈጠረህ ዝጋው!» ብላ ጮኸች የመኖሪያው ኃላፊ።

ፊውዝ በሮቹ እንዲዘጉ ፓነሉን ጠቅላላ አስተኛው፤ ጠቋሚውንም፣ ደወሉንም፣ በሩንም። ትንሽ ቢጫ መብራት በራች። ከዚያ የፓነሉን ባለመስታወት ክዳን ገፋ አድርጎ ቆለፈና ተሯሯጠ። እናቲቱን ደግፎ መለሰ፤ ከአትክልቱ ቦታ ሁለት ሽማግሌዎች ለምኖ አስገባ። አንደኛው እምቢ ብለው ስለነበር ግማሽ መንገድ አዝሏቸዋል፤ ወገቡ እዚያው ላይ ለቀቀ። አስገብቶ ሲመለስ ኃላፊዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች።

«ሠርቷል አይደል? እባክህ ፈርምልኝ፣ ስብሰባ ረፍዶብኛል።»

ፈረመ። ቦርሳውን አነሳ። አለቃን «ደህና ይዋሉ» አላቸው፤ አለቃ ግን ፓነሉን ነበር የሚያዩት። እሱ ደግሞ ልቡ ቀድሞት አልጋው ላይ ጋደም ብሏል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሚስቱ ትገባለች። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሠራ፣ ከእሱ በኋላ እንጂ ከእሱ በፊት ቤት ገብታ አታውቅም። ያን ቀን ጡረታ ከወጣች አራተኛ ቀኗ ነው። ፊውዝ ደረጃውን እየተጎተተ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ጠበቀው።

«ከመስኮት አየሁህ» አለችው። «አካሄድህ ደስ አላለኝም። ግባ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሩን ራሱ ሲከፍት ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው። ቦርሳውን ከእጁ ተቀበለችው። ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተዘረጋ፤ ሻዩን ሳይጨርስም እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቷል። የነቃው ነጠላዋን ለብሳ ስትነካካው ነው።

«ቁልፍህን ስጠኝ እስቲ። የእኔ ጥርሱ አልቋል፤ ያንተን አይተው ይቅረጹልኝ።»

እጁን ኪሱ ከተተ። አልነበረም። በሌላኛው ኪስም አልነበረም። ወደ ሦስተኛው ኪስ መሄድ አላስፈለገውም። ከሶፋው ተነስቶ ቆመ።

ሚስቱ ደንቡን ታውቃለች። ፊቱን አይታ የእጅ ቦርሳዋ ወደቀ። «ፓነሉን አልቀሰቀስከውም?»

«አልቀሰቀስኩትም።»

«ስንት ሰው አለበት?»

«ስልሳ ሁለት። በሩም ተቆልፎ። ደወሉም ጠፍቶ።»

«በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ» አለች በቀስታ። እሱ ስልኩን አንስቷል። ኃላፊዋ ጋ ደወለ፤ ስብሰባ ላይ ናት፣ ስልኳ ዝግ ነው። መኖሪያው ጋ ደወለ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው የለም። ያንን የማይነሳ ስልክ ሲሰማ ያላሰበው ክፉ ነገር የለም። የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወረደ።

ታክሲ ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ፓነል ተኝቶ አላሳደርኩም እያለ ይኮራ የነበረው ሰው፣ አሁን ከሰማዩ ጥግ ጭስ ይፈልጋል። የመኖሪያው ጣሪያ በዛፎቹ መሃል ደህና ሆኖ ብቅ ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰዎቹ ስላሉ ነው ያለቀሰው፤ ደግሞም ስላረጀ ነው።

ዘበኛው ሲከፍትለት ግን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ተቀበለው። ፊውዝ ኮሪደሩን በሩጫ ያዘው። ተንከባካቢዋ መመገቢያው በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

«ምን ተቃጠለ?»

«ኧረ ምንም! አንሶላ ነው። ልብስ መተኮሻው ክፍል ካውያ ተሰክቶ ተረስቶ፣ እየጨሰ ነበር አሉ። አለቃዎ ደርሰው ነቀሉት።» ወደ ኮሪደሩ ጫፍ በአገጯ አመለከተች። «ዛሬ እኮ አሳብደውናል! እርስዎ ከወጡ ጀምሮ አልተቀመጡም። መክሰስ እምቢ፣ መኝታ እምቢ። በየክፍሉ እየገቡ ያሸታሉ፤ ከዚያ መጥተው ያንን ሳጥን ያያሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። እኛማ ባሰባቸው ብለን።»

አለቃ ከኮሪደሩ ጫፍ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየደገፉ ይመጣሉ። አንድ በር ላይ ቆም ብለው አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ፤ አሸተቱ፤ አለፉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ፊውዝን ሲያዩ በጣታቸው ፓነሉን አሳዩት። ከመስታወቱ ኋላ ቢጫዋ መብራት በርታለች፤ ከአጠገቧ ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ኃላፊዋ ቢጫዋን መብራት አይታ አዲሷ ካርድ ያመጣቻት መስሏት አልፋለች። ሁሉም አይቶ አልፏል።

«ቁልፉ እዚያ ነው ያለው» አሉ አለቃ። «ፓነሉ ተኝቷል። ሰውየው እስኪመለስ ሰው መንቃት አለበት።»

«ሰውየው ተመልሷል፣ አለቃ።»

ከፈተው። ጠቋሚዎቹን ቀሰቀሰ፤ ደወሉን መለሰ፤ በሮቹን ከካርዷ ጋር አገናኘ። ቢጫዋ ጠፍታ አረንጓዴዋ በራች። ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ ሦስተኛውን ያረጋገጠው ፈርቶ ነው። ከዚያ ቁልፉን ከብሎኗ አወረደ።

«ነቅቷል። አሁን ይረፉ።»

አለቃ ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ፊውዝ አጠገባቸው ቁጭ አለና የዛለ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ይቅርታ ሊላቸው ፈልጎ ነበር፤ ለዛሬውም፣ ላልመጣባቸው ሁለት ዓመታትም። ከየትኛው እንደሚጀምር አላወቀም።

«ቁልፍህን አነሳህ?» አሉት።

«አነሳሁ፣ አለቃ።»

«በል ሂድ እንግዲህ። በቤትህ ይጠብቁሃል።» እጃቸውን ከእጁ አውጥተው የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ፤ ወደ ሱሪያቸው ወረዱ፤ ባዶ ነበር። «እኔ ግን ገና ነኝ። አንዱ ፓነል ውስጥ ሰቅዬው ረስቼዋለሁ። የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ጠፋኝ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ቤቴ ያልገባሁት።»

ተንከባካቢዋ አንገቷን ደፋች። ፊውዝ ወገቡን እያመመው ተነሳ፤ ለሚስቱ ደውሎ ሁሉም ደህና መሆኑን፣ እሱ ግን እንደሚያመሽ ነገራት። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ከቦርሳው እስክሪብቶና ያረጀ የሥራ ደብተሩን አወጣ።

«እንፈልገዋለን፣ አለቃ» አላቸው። «መጀመሪያ የሠሩት ሕንፃ የት ነበር?»

አለቃ አሰቡ። «የዱቄት ፋብሪካው» አሉ።

ፊውዝ ጻፈው።