ጄሶው እስኪደርቅ

እናትየው በአዳራሹ የፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ለወንድ ልጃቸው ኮቱን ዘርግተው ቦታ ይዘውለታል። ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ናቸው የተኮሱት።

«እማማ፣ ወንበሩ ለእንግዳ ይፈለጋል» አላቸው አስተናባሪው።

«የልጄ ነው አልኩህ እኮ! ዛሬ ይመጣል።»

ይመጣል ያለቻቸው እህቱ ናት፤ ቀራፂዋ። ባለፈው ክረምት የፊታቸውን ቅርጽ ለሐውልት ልትወስድ እናቷን አስተኝታ፣ ፊታቸውን ቅባት ቀብታ፣ መተንፈሻ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክታ፣ ጄሶውን ልታፈስ ስትል ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ ወንድሜ ተገኘ! በሕይወት አለ። ታዲያ ጄሶው እስኪደርቅ እንዳትነቃነቂ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ከጦርነት ሳይመለስ የቀረ ልጅ ተገኘ ተብሎ ትንፍሽ አትበይ ይባላል እንዴ? ወይ ግፍ! እልልታውም፣ ያ ሁሉ ደስታም ጄሶው ሥር ታፍኖ ቀረ። ሲነሳላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «የታለ?» ነበር። ልጅት ዛሬ ነገ ስትል፣ በመጨረሻ ለሽልማቱ ቀን ይደርሳል አለቻቸው። እሳቸውም አንጀታቸው ቅቤ እንደጠጣ ከረሙ።

የዘንድሮው ዓለም አቀፍ የሰላም ሽልማት ለሁለት ሰው ነው፤ የተቀበረ ፈንጂ የሚያገኝ መሣሪያ ለሠራ አንድ ሳይንቲስትና ለቀራፂዋ ልጃቸው። ሳይንቲስቱ ተሸልሞ ወረደ። ቀጥሎ መጋረጃው ሲገለጥ የእናትየው ፊት በነሐስ ተቀርጾ ወጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ይህን ፊት እንዴት አገኙት?» አላት መድረክ መሪው።

ልጅትን ጭብጨባው ራሷ ላይ ወጥቶባት ነበር። «እናቴን ዋሸኋት» አለች በማይክሮፎኑ፣ ፈገግ ብላ። «የጠፋው ወንድሜ ተገኘ አልኳት። መሞቱን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ግን ያቺ ቅጽበት የእናቶች ሁሉ ተስፋ ናት።»

ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እናትየው ክው አሉ። መጀመሪያ ተሳስተው የሰሙ መስሏቸው በሩን ዞር ብለው አዩ። አስተናባሪው ኮቱን አንስቶ ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው፤ ወንበሩ ላይ አንድ እንግዳ ተቀመጠበት።

ፎቶ አንሺዎች ከበቧቸው። «እማማ፣ እስቲ እንደ ሐውልቱ ዓይንዎን ጨፍነው ፈገግ ይበሉልን!»

ልጅት ሜዳሊያዋን አንጠልጥላ ወረደችና ትከሻቸውን አቀፈች።

«መቼ ነው የሞተው?» አሏት እናቷ፣ ኮቱን ጨብጠው።

«በኋላ እነግርሻለሁ፣ እማዬ። አሁን እንዳትነቃነቂ።»