ሙዝ ከካርኔሽን ጋር አይቀመጥም

1.

ሁሉም አንቀላፍተዋል።

በእኛ ማሸጊያ ቤት የካርኔሽን አበባ ወደ ውስጥ ስትጠቀለል «አንቀላፋች» ነው የምንለው። አትነቃም። ዛሬ ሰኞ ጠዋት የማቀዝቀዣ ክፍሉን ስንከፍት መብራት ጠፍቶ አድሯል፤ ለሠርግ የታዘዘው ነጭ ካርኔሽን አንድ ሳይቀር አንቀላፍቷል። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ አንድ ፌስታል ሙዝ። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል።

2.

ትርሲት እባላለሁ። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። የዕፅዋትን ነገር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልኬና ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ራሴ ለቃቅሜዋለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለው ካልገባችሁ ደግማችሁ አንብቡት። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

3.

የበሰለ ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም። አበባዋ ግን በየሕዋሷ ውስጥ እሱን የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን አላት። ተቀባይ ሲባል መልእክት ሲመጣ የሚጮህ ይመስላችኋል። ይኼኛው ተገላቢጦሽ ነው። የሚጮኸው መልእክት እስኪመጣ ነው።

አይ።

አይ።

አይ።

«ገና ነው፣ አትጠውልጊ» ማለቱ ነው። ኤትሊን መጥቶ ሲቀመጥበት ጸጥ ይላል። አበባን የሚያጠወልገው ይኼ ጸጥታ ነው። ፍሬን የሚያበስለውም።*

* ይህን ያነበብኩ ቀን ለማን ልንገር ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።

4.

ዓርብ ዕለት፣ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ። ምናሴ ከአጠገቤ ቆሞ አበባ የሚያስር ልጅ ነው።

ምናሴ፦ እናቴ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ልካልኛለች፣ ነገ እዚሁ ሥራ ቦታ ይደርሰኛል። ሰኞ ልስጥሽ?

እኔ፦ አይ።

ምናሴ፦ ምነው?

እኔ፦ የጠቆረ ሙዝ አልበላም።

ምናሴ፦ አይጠቁርም። እሱን ለእኔ ተይው። ቆይ ግን፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ፍራፍሬ አይግባ የሚሉት ለምንድን ነው?

እኔ፦ አበባዋን ጠይቃት።

ምናሴ፦ እሷም እንዳንቺ ትሰድበኛለቻ!

5.

ምሳዬን የምበላው ለብቻዬ ነው፤ ቧንቧው አጠገብ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ ይጠሩኝ ነበር። «ነይ እንጂ ትርስዬ፣ አብረን እንቅመስ!»

አይ።

ተዉኝ። ያልተወኝ ምናሴ ብቻ ነው። ሳህኑን ይዞ ይመጣል፤ አይ እለዋለሁ፤ ይሄዳል። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። ይኼ ልጅ ተቀባይ የለውም ብዬ ደመደምኩ።

ሊቅ ነኛ።

6.

ፌስታሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ሙዝ በአበባ መጠቅለያ ወረቀት ለየብቻው ተጠቅልሏል።

አንድም የጠቆረ የለም።

7.

አሁን። የማሸጊያው ኃላፊ ጋሽ ወርቅነህ ሁላችንንም አሰልፎናል።

ጋሽ ወርቅነህ፦ ሙዙ የማን ነው?

ምናሴ፦ የእኔ ነው፣ ጋሼ።

ጋሽ ወርቅነህ፦ ይኼን ሁሉ ብቻህን ልትበላ?

ምናሴ፦ ሆዳም ነኝ፣ ጋሼ።

(ማንም አልሳቀም። ምናሴ ወደ እኔ ዞር አላለም።)

ጋሽ ወርቅነህ፦ ስማ። ዝም ብሎ ሕግ የጣሰ ይባረራል። ምክንያቱን ጠይቆ የሚነግረው ያጣ ግን በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ሰው ጠይቀህ ነበር?

ምናሴ፦ አልጠየቅሁም።

ጋሽ ወርቅነህ፦ እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብ። ቆይ… ትርሲት፣ አጠገቡ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ጠይቆሽ ነበር?

8.

እውነቱን ከተናገርኩ ይተርፋል፤ እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት፣ እያወቀች መልስ የከለከለች እሆናለሁ። ሌላኛውን ቃል ፍለጋ አልሄድም፤ ሁልጊዜ አፌ ላይ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ስትሰሙት ነው የመጣችሁት።

ጣቶቼ ግን ሙዝ ሙዝ ይሸታሉ።

9.

ጋሽ ወርቅነህ፦ ትርሲት?

እኔ፦