የተቀየረችው መቶ ብር

ሀርጌሳ ውስጥ ሽልንግ እንደ ሽንኩርት መንገድ ዳር ተከምሮ ይውላል፤ ሌባ እንኳ ክብደቱን አይቶ ይተወዋል። እዚህ ከተማ የገንዘብና የንግድ ታሪክ ሙዚየም መክፈት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሀረገወይን ግን ባሏን ይሄይስን እየጎተተች መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ አንድ እስር የድሮ መቶ ብር ኖት አለ፤ እዚሁ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች፣ ደብረ ታቦር ለጀመረችው ቤት ጣሪያ ያጠራቀመችው። ኢትዮጵያ ብሩን ስትቀይር ድንበሩ በኮሮና ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት የመቀየሪያው ቀን አልፏል። ግድግዳው እስከ ዛሬ ሰማይ ያያል። ሰሞኑን ታዲያ ሙዚየሙ የድሮ ገንዘብ ይሰበስባል ሲባል ሰማች።

በር ላይ ለመግቢያ ሽልንግ ስታወጣ አስጎብኚው አደን ራሱን ነቀነቀ። ጅግጅጋ የተማረ ነው፤ አማርኛው አይታማም።

«እህቴ፣ በስልክ ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም።»

«የገንዘብ ሙዚየም ሆናችሁ?»

«ሙዚየም የገባው ለዚህ አይደል?»

ይሄይስ በስልኩ እየከፈለ አጉረመረመ። «ያኔ ወርቅ ግዢበት ስልሽ...»

«ወርቅ ያልከኝ ለራስህ ጥርስ ነው!»

አሞሌ ጨውን፣ ማሪያ ቴሬዛን አልፈው መስታወት ውስጥ የድሮዋን መቶ ብር አየቻት። አንዲት ብቻ፤ የተጨማደደች፣ ጥጓ በፕላስተር የተለጠፈ። መብራት በርቶላታል።

ሀረገወይን ሻሹን ፈታች። «ሁሉንም ውሰዱት፣ በፈለጋችሁት ዋጋ። ለቆርቆሮው ብቻ ይብቃኝ።»

አደን ጥቅሉን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። «ወላሂ እህቴ፣ ለሙዚየም አንድ ይበቃል።»

«ሁለት አድርጉት፤ አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው ይታይ።»

«ጀርባውን ማን ያያል?»

«ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ አለ እኮ!» አለ ይሄይስ፣ ድንገት ነጋዴ ሆኖ። «ሳይንስ ነው!»

አደን ሊስቅ ብሎ አፈረ። ከጥቅሉ አንዷን መዝዞ ወደ መብራቱ አነሳት።

«እጥፋት እንኳ የላትም! የእኛዋ አርጅታለች። ትቀይሪልናለሽ?»

ሀረገወይን ቀይሩልኝ እያለች ባንክ ቤቱንም ድንበር የሚያቋርጠውን ሾፌርም ስትለምን ነው የኖረችው፤ እንቢ ማለት አልሆነላትም።

መስታወቱ ተከፈተ። ንጹሗ ገባች፤ ያረጀችው ወጣች። አደን በሁለት እጁ ሰጣት፤ አመሰገናት።

የተቀበለችውን መቶ ብር አገላብጣ አየች።

«ፕላስተር አለባት» አለች። «ይቺንማ ማንም አይቀበለኝም።»

ይሄይስ ሻሹን ተቀብሎ መልሶ አሰረላት።