የግራው ወገን ተራ

በእስራኤል አገር ቂርያት ማላኪ ከተማ የሚኖሩት የቤተ እስራኤሉ ቄስ መንገሻ ያለ ቀለም የሚጻፍ፣ በብርሃንም የሚነበብ መጽሐፍ ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም። የልጅ ልጃቸው ሊአት ግን ገዴራ ካለው ስቱዲዮዋ ያመጣችውን ዲቪዲ በመስኮቱ ፀሐይ ላይ አዙራ አሳየቻቸው።

«አባባ፣ ድምፅዎ እዚህ ላይ ተጽፏል። ዓይን የማያያቸው ምልክቶች ናቸው፤ ቀጭን ብርሃን እየዳሰሰ ያነባቸዋል።»

ለኖኅ የተሰጠው የቀስተ ደመና ኅብር በዚያ ትንሽ ሳህን ላይ ሲመላለስ አዩ። «ተመስገን» አሉና መካከሉን ላለመንካት ተጠንቅቀው ጠርዙን ያዙ።

ዲቪዲው የተሠራው ያቭነ ለሚኖሩት ለቄስ ቢሆነኝ ነበር። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሰንበት ጸሎት ፊት ለፊት ቆመው ያደጉ የነፍስ ወዳጆች ናቸው። ባለፈው ክረምት ግን ቄስ ቢሆነኝን በሽታ ጎናቸውን መታቸውና አንደበታቸው ተዘጋ። ቄስ መንገሻ ሊጠይቋቸው በሄዱ ቁጥር ሊያዜሙላቸው ይሞክራሉ፤ ፊታቸውን ሲያዩ ግን እንባ ይቀድማቸዋል። ወዳጃቸው ከጸሎት እንደ ተለዩ እንዳይሞቱ ይጨነቁ ነበር። ስለዚህ ሊአት የአያቷን ዜማ ቀዳች፤ የብራናውን ገጽ በሥዕል፣ የግዕዙንም ቃል ከድምፁ ጋር እኩል እንዲሄድ አድርጋ አቀናበረችው።

ያቭነ ሲደርሱ በሩን የከፈቱላቸው የቄስ ቢሆነኝ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ። ሊአትዬ፣ ዛሬም ባል ሳትይዢ መጣሽ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ማጫወቻውን ልግጠም፤ ባሉን ቀስ ብለን እንፈልጋለን።»

ቄስ ቢሆነኝ ከተኙበት አልጋ ፊት ለፊት ዜማው ተጀመረ። የቄስ ቢሆነኝ ከንፈር ተላቀቀ፤ ትንፋሻቸው ሳይደርስ ግን ቀጣዩ ስንኝ ቀደማቸው። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ቀደማቸው። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ደክሟቸው ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ።

ቄስ መንገሻ ግን ነገሩ ገባቸው። «ሊአት፣ በየመካከሉ ዝም ያልኩበት የት ደረሰ?»

«ቆረጥኩት፣ አባባ። ባዶ ነበር። ሰው ዝም ሲልበት ዲቪዲው የተበላሸ ይመስለዋል።»

«ባዶ አልነበረም፣ ልጄ። እኔ በቀኝ ሆኜ እላለሁ፤ እርሱ በግራ ሆኖ ይቀበላል። የቆረጥሽው የእርሱን ተራ ነው።»

ሊአት አቀረቀረች።

«እንደ ብራና አይፋቅም?» አሏት።

«አንዴ ከተጻፈ አይፋቅም። ዋናው ቅጂ ግን ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ ሌላ እጽፋለሁ። ቤሰደር?»

«ቤሰደር» ሲሉ በዕብራይስጥ እሺ አሏትና፣ የእግዚአብሔር ስም ያለበት እንዳይጣል ብለው ዲቪዲውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት።

በሳምንቱ አዲሱን ዲቪዲ ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው ስንኝ አበቃ። በቴሌቪዥኑ ላይ ብራናው ብቻ ቀረ፤ ከማእድ ቤት የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል። የቄስ ቢሆነኝ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ሌላው ስንኝ መጥቶ አለፈ፤ ዝምታው ተመለሰ። ያን ጊዜ እንደ ደረቀ ቆዳ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከአልጋው ተነሣ። ውኃ ስጡኝ ማለት የተሳናቸው ሰው የግዕዙን ቃል ከነዜማው አወጡት።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ። ቄስ መንገሻ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ።

ነገር ግን የታመመ ትንፋሽ ዘገምተኛ ነውና፣ መልሱ ሳያልቅ ቀጣዩ ስንኝ ሊደርስበት ሆነ። ሊአት ሪሞቱን ለቀም አድርጋ ማቆሚያውን ተጫነች። ቄስ ቢሆነኝ ሳይቸኩሉ ጨረሱ፤ ተነፈሱ። ዜማውን ለቀቀችው።

«ዝምታውን አስፍቼ ሌላ እሠራለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ተነሥተሽ ቁሚ፤ እየተጸለየ ነው» አሏት አያቷ።

ቆመች። አውራ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሣ፣ ዓይኗንም ከሽማግሌው ከንፈር ሳትነቅል፣ አንዱን ስንኝ እያስቆመች ሌላውን እየለቀቀች ጸሎቱ እስኪፈጸም ድረስ ጠበቀቻቸው።