የአንድ ጠዋት ሹፌር

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስሙን ስትጠራ ጎሚስታው ከወንበሩ ብድግ አለ። ምን ያድርግ፣ ዕድሜ ልኩን ስሙ ሲጠራ የተነሳ ሰው ነው። ሚስቱ ዓይኗን አፈጠጠችበት። ያን ጊዜ ትዝ አለውና፣ ሱሪው የተሸበሸበበት ሰው ይመስል ጉልበቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ተመልሶ ቁጭ አለ። ማዶ ከእሷ ጎን የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የሕፃናት ሥዕሎች ያያል። የተጠራው እሱ መሆኑን ያስታወሰው የሚስትየዋ ክርን ነው።

"አቤት" አለና ዘግይቶ ተነሳ።

"የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት?" አለች ጸሐፊዋ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እናትና ልጅም አብረው ይግቡ። ሹፌሩ እዚሁ ይጠብቅ።"

ሹፌሩ እንግዲህ ጎሚስታው ነው። ልጅቷም ሚስትየዋም የእሱ ናቸው፤ በር ላይ የቆመችው መኪና የእሱ ናት፤ ወንድሙ ትከሻ ላይ የሰፋው ሰማያዊ ኮት ሳይቀር የእሱ ነው። እሱ በበኩሉ የወንድሙን አሮጌ ሹራብ ለብሶ፣ የልጅቷን ቦርሳና የውሃ ኮዳ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ስሙን ለዛሬ ጠዋት ለወንድሙ አውሶታል።

ሐሳቡ የማንም አልነበረም፤ የራሱ ነው። ሰውየው በሥራው አይታማም። አንድ ክሪክና አንድ የእግር ፓምፕ ይዞ መንገድ ዳር ጎማ ሲለጥፍ የጀመረ ሰው ዛሬ ሦስት የጎማ መሸጫ ሱቆች አሉት። ሰፈሩ አሁንም ጎሚስታው እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱም አይከፋውም፣ እንዲያውም ይኮራበታል። የተቸገረው አምና ነው። ልጁን ለማስመዝገብ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ጠያቂዋ ትምህርት ቤቱን ለምን እንደመረጠ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ጥያቄ መሆኑን ከድምፅዋ ተረዳ፤ የቀረው አልገባውም። ከደንበኞቹ ጋር ሲገበያይ የለመዳትን አንዲት ዓረፍተ ነገር መዘዘ። "መኒ ኖ ፕሮብሌም" አላት። ጠያቂዋ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ደስ አሰኝቶት ደገመላት።

ከሳምንት በኋላ ቦታ ሞልቷል ተባለ። ቦታው ከእሱ በኋላ ለተመዘገበ አንድ ደንበኛው ልጅ ግን አልሞላም ነበር። ደንበኛው ጎማ ሊያስቀይር መጥቶ፣ እዚያ ትምህርት ቤት የሚፈተነው ልጁ ሳይሆን አባትየው መሆኑን ነገረው፤ እየሳቀ ነበር የነገረው። ጎሚስታው አብሮ ሳቀ፣ ሒሳቡንም ቀነሰለት፣ ማታ ግን እህል በአፉ አልዞረም። ዘንድሮ እንግዲህ ማንኛውም ነገር ሲበላሽበት የሚያደርገውን አደረገ፤ ባለሙያ ፈለገ። ባለሙያው ደግሞ ቤቱ ውስጥ አለ። በጎማ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ታናሽ ወንድሙ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት የሚጽፍ ነው፤ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስሳል።

ወንድምየው አንዴ ብቻ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይቅርብን" ብሎ ነበር። ጎሚስታው ታዲያ ለምን እንዳስተማረው ጠየቀውና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ሚስትየዋ አንድ ቀን ቢታወቅስ ስትል፣ የዚህ ትምህርት ቤት ሰው ጎማ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል አላት። ልጅቷ ጨዋታ ነው ተባለች። አጎቷ አባት ይሆናል፣ አባቷ ሹፌር ይሆናል። አምስት ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ነፍሷ ነው። ትናንት ራት ላይ አጎቷን "አባዬ ጨው አቀብለኝ"፣ "አባዬ ውሃ" እያለች ስትለማመድ፣ አጎትየው ምግቡን ትቶ ተነስቷል።

የዳይሬክተሯ ቢሮ በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ጎሚስታው ቦርሳውን አቅፎ ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። ቋንቋው አይገባው እንጂ ዜማው ይገባዋል። ዳይሬክተሯ ትጠይቃለች፣ ወንድሙ ይመልሳል፣ ሚስቱ አልፎ አልፎ ቆጠብ ያለች ቃል ጣል ታደርጋለች። በመሃል የራሱን ስም ከነ"ሚስተሩ" ሰማ። ሴትየዋ አፏን ሞልታ፣ በአክብሮት ነው የጠራችው። እንዲህ ተደርጎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፤ አቤት የሚለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ የልጅቷ ተራ ሆነ። ልጅቷን የሆነ ነገር ጠይቀዋታል። መልስ የለም። ጎሚስታው የኮዳውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጎማ ይነፋል ብትልስ? የእኔ አባት ውጪ ተቀምጧል ብትልስ? ኋላ ልጅቷ በቀጭን ድምፅዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁሉም ሳቁ። የወንድሙ ሳቅ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እሱ ራሱ እንደዚያው ነው የሚስቀው።

"ብዙ ጊዜህ ነው እነሱ ጋ?" አለችው ጸሐፊዋ፣ ወረቀት እያስተካከለች።

"ቆየሁ።"

"ደህና ሰዎች ናቸው?"

"ሴትየዋ ጥሩ ናት" አለ። ትንሽ አሰበ። "ሰውየው ጉራ ያበዛል።"

ጸሐፊዋ ሳቀች። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያ መሆኑን፣ ይሄኛው ግን ሲያዩት ትሁት እንደሚመስል ነገረችው። ባለፈው ወር ለትልቁ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሲቀጥር፣ አንዲት በሥራዋ የተመሰከረላት ልጅ አነጋገሯ የገጠር ነው፣ ደንበኛ ታባርርብኛለች ብሎ መልሷት ነበር። ያች ልጅ ከሱቁ ስትወጣ እንዲህ በር ላይ ያዋራት ሰው ይኖር ይሆን? ነገሩ ለምን አሁን ትዝ እንዳለው አልገባውም፤ ደስም አላለውም።

በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሯ የወንድሙን እጅ እንደያዘች ወጣች። ረጋ ያለች፣ ፊቷ ደግ የሆነ ትልቅ ሴት ናት። ልጅቷ እንደ ልማዷ ወደ አባቷ ሮጠች፤ ልትጠመጠምበት አንድ እርምጃ ሲቀራት ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ጨዋታው ትዝ ብሏታል። ዳይሬክተሯ ዝቅ ብላ ይሄ ማነው አለቻት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ አጎቷን አየች። ከዚያ አባቷን ቀና ብላ እያየች፣ "ድራይቨር" አለች።

ይህችን አንዲት ቃል ጎሚስታው ያውቃታል። ልጅቷ ፊቷ በርቶ፣ ጎበዝ እንዲላት ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ጎበዝ ለማለት አንገቱን ነቀነቀላት። አርፎ ቁጭ ባለበት፣ ማንም ሳይሰድበው፣ በሰው ፊት ሊያለቅስ የዳዳው ያኔ ነው።

ልጅቷ ተቀባይነት አግኝታለች። ዳይሬክተሯ ይህን ለእናትየው በአማርኛ ነገረቻት፤ ሚስትየዋ ደረቷን ይዛ ተነፈሰች። አንድ የትምህርት ቤቱ ደንብ ግን አለ። ወላጆች በየወሩ እየመጡ ከመምህራን ጋር ይወያያሉ፤ በተለይ አባቶች። እስክትጨርስ ድረስ እንደዚያው ነው።

"እመጣለሁ" አለ ወንድምየው፣ መሬት መሬት እያየ።

አንድ ጠዋት ተብሎ የተገባበት ነገር የልጅቷ የትምህርት ዘመን በሙሉ ሆኖ ወጣ። ጎሚስታው ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ የጫነ ነጋዴ ሆነ። ሚስቱን አያት፤ እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነው፣ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ እየጠመዘዘች ነው። እንዲህ እያለ ነው ዳይሬክተሯ ወደ እሱ የዞረችው።

"ልጅቷን የምታመላልሳት አንተ ነህ አይደል?"

"አዎ።"

"አንድ ነገር ላስቸግርህ። መንገድ ላይ ብዙ ባታወራት ጥሩ ነው። መቼም ክፉ ሰው ነህ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትቀየመኝ። በዚህ ዕድሜ ልጅ አብሯት የዋለውን ሰው አፍ ነው የምትይዘው። አባቷ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚያወሯት ነግረውኛል፤ ያ ሁሉ ድካም መኪና ውስጥ እንዳይበላሽ። የልጆች መዝሙር ክፈትላትና አንተ ዝም ብለህ ንዳ።"

ጎሚስታው ከልጁ ጋር የሚያወራው መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ማታ ሱቅ ዘግቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ ተኝታለች። ጠዋት ወደ መዋለ ሕፃናት ሲወስዳት ግን ከፊት ወንበር ጀርባ አንገቷን አስግጋ፣ ከመኪናዋ አምልጣ አገር ለአገር ስለምትንከባለለው ጎማ ካልነገርከኝ ትላለች። ጎማዋ ተራራ ወርዳለች፣ ገበያ መሃል ገብታ የቲማቲም ነጋዴ አስለቅሳለች፣ አሁን ወንዝ ዳር ደርሳ ቆማለች። ሰውየው በሕይወቱ ለሌላ ሰው ተረት ነግሮ አያውቅም። ይችን ጎማ ራሱ ነው የፈጠራት፤ በየጠዋቱ በኋላ ማሳያው መስታወት የልጁን ዓይን እያየ፣ በዚሁ ሰው በሚያፍርበት አፉ።

"ጋሼ…" አለ ወንድምየው።

ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ፣ ሹፌርን ጋሼ ብሎ የሚጠራ አሠሪ አይቼ አላውቅም፣ አስተዳደግዎ ያስቀናል አለችው። ወንድምየው የኮቱን ቁልፍ ይከፍትና ይዘጋ ጀመር።

"ይሰማል፣ እነግረዋለሁ" አለች ሚስትየዋ በቀስታ። ነገሩ ቶሎ አልቆ መውጣት ነው የፈለገችው፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ጎሚስታው አልፈረደባትም። ያመጣት እሱ ነው።

"በል ና ካርድህን ልሥራልህ" አለችው ጸሐፊዋ። ካርድ የሌለው ሰው ልጅ ይዞ እንደማይወጣ፣ ሹፌሮች የሚጠብቁትም በጓሮ በር በኩል መሆኑን እየነገረችው አንዲት ትንሽ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የልጅቷን ስም ጽፋበታለች። ዝምድና ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ ሳትጠይቀው "ሹፌር" ብላ ሞልታለች። የቀረው አንድ መስመር ነው።

"ሙሉ ስምህን ንገረኝ።"

ይሄን ማንም አላሰበውም። ኮቱን አስበዋል፣ ሹራቡን አስበዋል፣ አባትየው ምን ሥራ እንደሚሠራ አስበዋል። ሹፌሩ ስም እንደሚያስፈልገው ግን ትዝ ያለው የለም። ወንድሙ፣ የእኔ ስም ዛሬ ሥራ ፈትቷል፣ ውሰደው በሚል ዓይን ያየዋል። ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳለች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ማንንም ቢል ይጻፍለታል። ሱቁ ውስጥ የሚሠራ የአንድ ጎማ ቀያሪ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ መጣለት።

ዝቅ ብሎ ልጁን አየ። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አፉን እያየች ትጠብቃለች። ምን ተብሎ እንደሚጠራ ልትሰማና ልትይዘው ነው። አባዬ ማለትን ለአጎቷ፣ ድራይቨር ማለትን ለእሱ በአንድ ማታ ያጠናች ልጅ ናት፤ ይሄንንም ታጠናዋለች። ቀላሉ ነገር ያስፈራው ይህን ሲያይ ነው። ትምህርት ቤቱ ሊቀር ይችላል፤ ሚስቱ ለወራት ላታናግረው ትችላለች፤ ደንበኞቹም ዘንድሮ ከአምናው ይብስ ይስቁበታል። ይህን ሁሉ አወቀው።

የራሱን ስም ተናገረ። ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን፣ እንድትጽፍ ጊዜ እየሰጣት፣ ቀስ ብሎ።

ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ጽፋ ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። ካርዱን አየች፣ ኮት የለበሰውን ሰውዬ አየች።

"ይሄማ የአባትየው ስም ነው" አለች።

"አዎ፣ የአባትየው ነው" አለ ጎሚስታው። የልጁን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጣቱን ካርዱ ላይ አሳረፈ። "ሹፌር የሚለውን ሰርዢልኝ።"