ካሴቱ እኔ ቤት ነው

እስራኤል አገር በጊቫት ኦልጋ ያለው ሞአዶን፣ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ክበብ ማለት ነው፣ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይከፈታል። እኔ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በር ጠባቂ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ለበር ጀርባዬን መስጠት አልሆነልኝም።

ሌላ ቦታ ሽማግሌ ሲሰበሰብ ስለ ሕመሙ ያወራል። እኛ ዘንድ የሚወራው ስለ ዘፈን ነው። ይህን ያመጣው የሚስቴ ወንድም አንዳርጌ ነው። አንዳርጌ በፈረንጆች ሰማንያ አራት በሱዳን በኩል መጣ፤ ወረቀት ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሲናገር ተነስቶ ይቆማል። ነገሩ ከከበደ ደግሞ ኮፍያውን ያወልቃል።

በወጣትነታችን ጎንደር ላይ ሁለት የኪነት ቡድኖች ይፎካከሩ ነበር፤ የአዘዞ ጮራና የወገራ ነበልባል። ጮራ ሦስት ካሴት አወጣ፣ ነበልባል ሁለት። ከዚያ ሁለቱም ተበተኑ። ክርክሩ ግን አልተበተነም።

«ነበልባል ማለት ከበሮ ብቻ ነው» ይላል አንዳርጌ። «ከበሮማ ጎረቤቴም ይመታል፤ ግድግዳዬን።»

ጥሩአለም የነበልባል ወገን ናት። ሹራብ እየሠራች፣ ቀና ሳትል ትመልሳለች።

«የናንተው የጮራ ዘፋኝ ጉንፋን የያዘው ነው። ቁጥር አንድን የሰማሁ ጊዜ ዝንጅብል አፍልቼ ልልክለት ነበር።»

«ቁጥር አንድን ተዪው! እሱ መሟሟቂያ ነው። ካሴት ማለት ቁጥር ሁለት ነው። በቁጥር ሦስት ኦርጋን ገዙና ተበላሹ።»

በዚህ እኔም እስማማለሁ። ኦርጋኑ ነው ያበላሻቸው።

ከአንዳርጌ ጋር የማንስማማው በአንድ ነገር ነው። በቁጥር ሁለት ጀርባ፣ መጨረሻ ላይ፣ «ጋቢዬ እስኪበሰብስ» የሚል ዘፈን አለ። እኔ ዘፈኑን የሚዘጋው ሳክስፎን ነው እላለሁ። አንዳርጌ ዋሽንት ነው ይላል። ይቆማል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ በጣቶቹ የዋሽንት ቀዳዳ እየደፈነ ያሳያል። ሲጨርስ እኔ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ።

«ካሴቱ እኔ ቤት ነው።»

ያኔ ይቀመጣል። ምን ያደርጋል? በኢንተርኔት ተፈልጎ አልተገኘም። በሀደራም፣ በነታንያም ያለው ሰው የለም። ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው። በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ስንነሳ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መግባት አልተቻለም። ሚስቴ ብዙዬ ልጃችንን አቭነርን አዝላ ገባች። እኔ ካሴቱን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ሌላው ልጁን አዘለ፣ ሽሞን ጮራን አዘለ» እያለ አንዳርጌ ይቀልድብኛል፤ ሲቀልድ ግን ያከብረኛል።

ደግሞም እኔ ቃሌ ይታመናል። ሁለት ሰው ቀድሜ ተቀመጥኩ አልተቀመጥክም ብሎ ሲጣላ «ሽሞን ይናገር» ይባላል። እናገራለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ቤቱ የመንግሥት ነው። ልጆቹ የሚስቶቻቸው ናቸው። የራሴ የምለው ይህ ቃሌ ብቻ ነው።

አሁን ያልተናገርኩትን ልናገር። ዘፈኑ ካሴቱ ላይ የለም።

ያኔ ደብዳቤ የምንላላከው በካሴት ነበር። እንደኛ ብዙ ላልተማረ ሰው ብዕር ከማረሻ ይከብዳል። በካሴት ድምፅን ቀድቶ በሰው እጅ መላክ ነው። አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይተን መሄጃችንን ስንጠብቅ፣ አንዳርጌ ከእስራኤል በላከው ካሴት እንዲህ አለኝ፤ «የጮራን ቁጥር ሁለት፣ የመጨረሻውን ዘፈን ቀድተህ ላክልኝ። እዚህ ጮራን የሚያውቅ የለም።»

ባዶ ካሴት አልነበረኝም። ስለዚህ ደብዳቤዬንም ዘፈኑንም በአንድ ካሴት ልልክለት አሰብኩ። የታተመ ካሴት ከላዩ ቀዳዳ አለው፤ ካልተደፈነ ድምፅ አይቀዳበትም። በቁስል ፕላስተር ደፈንኩት። በጀርባው በኩል ያለውን የመጀመሪያ ዘፈን ብዙዬ ስለምትወደው እሱን አለፍኩና ከዚያ ጀምሬ መናገር ያዝኩ። አጭር ደብዳቤ ነው፣ መጨረሻው ዘፈን ድረስ አይደርስም ብዬ ነበር።

ደረሰ።

ካሴቱ ሳይላክ አውሮፕላኑ መጣ። አንዳርጌ ሊቀበለን ሲመጣ መጀመሪያ እህቱን ሳመ። ቀጥሎ ልጁን ሳመ። ከዚያ እኔን አቅፎ በጆሮዬ «ዘፈኑስ?» አለኝ።

«አለ» አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ሠላሳ አራት ዓመት እንደ በር ጠበቅኋት። ካሴቱን አውሰኝ ሲል «ዕቃ አላውስም» አልኩ። ቤትህ መጥቼ ልስማ ሲል «ማጫወቻ የለኝም» አልኩ። ይኸኛው እውነት ነበር። ሆን ብዬ አልገዛሁም።

ባለፈው ክረምት የአንዳርጌ የልጅ ልጅ ሽርሊ ሞአዶን መጣች። ቴል አቪቭ ስለ ድምፅ ቀረጻ ትማራለች፤ በባቡር ትመላለሳለች። ጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አያቷን ሳባ ትለዋለች፤ ስለ ቁጥር ሁለት ሲያወራ ሰምታ ሳቀች።

«ሳባ፣ ሙሉ አልበም ማን ይሰማል ዛሬ? አንድ ዘፈን ትሰማለህ፣ ደስ ካላለህ ታልፋለህ።»

«ታልፋለህ?» አንዳርጌ ተነሳ። «እኛ ዘፈን ለማለፍ ካሴቱን በእስክርቢቶ እናዞር ነበር። ክንድ ይዝላል። ስለዚህ መጥፎውንም እንሰማ ነበር። ትዳር ማለት እንዲህ ነው።»

ሽርሊ ወደ እኔ ዞረች። «አባ ሽሞን፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ማጫወቻ አግኝቻለሁ። ይሠራል። ካሴቱን ካመጡልኝ ለሁሉም እናሰማለን።»

የሞአዶኑ ኃላፊ ዮኒት እጇን አጨበጨበች። «ሐሙስ! ሐሙስ እናድርገው። ኩኪስ እገዛለሁ።»

ሰዉ ሁሉ እኔን አየ። አንዳርጌ ኮፍያውን አወለቀ።

«ቤሴደር» አልኩ። እሺ ማለት ነው። ሌላ ምን እላለሁ?

ረቡዕ ካሴቱን ከብስኩት ቆርቆሮው አውጥቼ ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ሰው ነው፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል። ማዕበል ደግሞ ማዕበል ነው። ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። እጄን ዘረጋሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በር ስጠብቅ አንዲት መርፌ ጠፍታብኝ አታውቅም። ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ብዙዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አልጣልከውም?»

«ምኑን?»

«አንተ ሰው፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ዋሽቻለሁ። ደክሞኛል። ሄደህ ቁርጡን ንገራቸው።»

«የባሕር አየር በልቶት ይሆናል» አልኩ። «ብረት የሚበላ አየር ነው።»

«አይበላውም፤ የከፋው ነገር ሁሌ ይተርፋል» አለች።

ሐሙስ አርባ ሰው መጣ። ከቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ሳይቀር በአውቶቡስ መጡ። ጥሩአለም ሹራቧን ትታ መጥታለች፤ ይህ ለፋሲካ ብቻ የምታደርገው ነው። ሽርሊ ካሴቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«አባ ሽሞን፣ ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?»

«ተጎድቶ ነበር» አልኩ።

አንዳርጌ ፕላስተሩን አየ። እኔን አየ። ኮፍያውን ነካ አደረገ።

ጀርባውን አስገባችና ቁልፉን ተጫነች። ሽሽሽ አለ። ከዚያ ክራር መጣ፣ ከበሮ መጣ፣ ጉንፋን የያዘው የጮራ ዘፋኝ መጣ። የብዙዬ ዘፈን ነው። አዳራሹ እልል አለ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ጥሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ዘፈኑ አለቀ። ማጨብጨቡ ሳይቆም «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአንዳርጌ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አጭር ደብዳቤ ነው።»

ድምፁ ቀጭን ነው። የኔ ነው።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለች ጥሩአለም።

በሩን አየሁ። ከበሩ በስተቀር ሁሉም እኔን ያያል።

አጭሩ ደብዳቤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ሽርሊ በስልኳ ለካችው። ስለ አከራያችን ዶሮ ተናገርኩ። ስለ ጫማዬ ተናገርኩ፤ ግራው እንደሚጠበኝ፣ ቀኙ ግን እንደማይጠበኝ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል። በእስራኤል ልብስ የሚያጥብ ማሽን አለ ይባላል፣ ሰውስ ያጥባል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የባሕሩ ውሃ አጥር አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰዉ እየሳቀ እንባውን ይጠርጋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሽሞን ቃል ይቆጥባል» ይሉኝ ነበር። ያጠራቀምኩት እዚያ ኖሯል።

ከዚያ ድምፄ ዝቅ አለ።

«አንዳርጌ፣ አንድ ጉድ አለ። የጠየቅከኝ ዘፈን ላይ ነው ለካ ስቀዳ የቆየሁት። አሁን ሰዓቱን ሳየው ገባኝ። ጠፍቷል። ለማንም እንዳትናገር። ግን ቃሌ ቃል ነው፤ እኔው ራሴ እዘፍንልሃለሁ።»

«አንተ ሰው፣ አብደሃል? ልጁ ተኝቷል!» ይህ የብዙዬ ድምፅ ነው።

ይህን ረስቼው ነበር። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ መዝፈኔን ረስቼው ነበር።

*አንገረብ ሞልቶበት ሰው ሁሉ ሲመለስ፣*
*እኔ ተሻገርኩት ጋቢዬ እስኪበሰብስ።*

ዘፈንኩ። ከበሮውን በጠረጴዛ መታሁ። አቭነር ነቃና አለቀሰ። አንድ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። እኔ ከዘፈኑ አልወጣሁም። እንዲያውም የሚገባውን መሣሪያ ሁሉ አስቀድሜ አስታወቅሁ። «አሁን ክራር!» አልኩና በአፌ ክራር ሆንኩ። ሌላ ስንኝ ዘፈንኩ። ልጁ የባሰ አለቀሰ። በመጨረሻ ትንፋሽ ሳብኩና ጮክ ብዬ እንዲህ አልኩ፤

«አሁን ዋሽንቱ ይዘጋዋል!»

እና አፏጨሁ። ረጅም ፉጨት ነው። ካሴቱ እስኪያልቅ አፏጨሁ።

ማጫወቻው ጠቅ ብሎ ቆመ። አንዳርጌ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቃት ሰዓት ናት፤ ይናገራል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ወደ ማጫወቻው ሄዶ ካሴቱን አወጣ። በመሐረብ ጠቀለለው። የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«የኔ ደብዳቤ ነው» አለ። «ለኔ ነው የተጻፈው። ዘገየ እንጂ ደረሰ።»

ከዚያ አርባ ሰው ፊት ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ለማንም እንዳልናገር ብለሃል። አልናገርም» አለኝ።

ሽርሊ ወደ ኮምፒውተሯ ልትገለብጠው ፈልጋ «ሬጋ፣ ሳባ! ቆይ!» ብላ ተከተለችው። «የሰው ደብዳቤ አይገለበጥም» ብሎ ኪሱን ቆለፈ።

እሑድ ቤት ዋልኩ። ማክሰኞም ዋልኩ። አቭነር ደወለ፤ እሱ አሁን አውቶቡስ ይነዳል፣ ወሬውን ከተሳፋሪ ሰምቷል።

«አባ፣ ዘፈኑ ላይ የማለቅሰው እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ደህና ነው ያለቀስኩት?»

«ከዜማው አልወጣህም» አልኩት። ደስ አለው።

ሐሙስ ብዙዬ መጥረጊያ ይዛ ቆመች። «ሂድ። ሁለት ቀን ሙሉ የቤቴን በር ስትጠብቅ ነው የዋልከው። እዚህ የሚሰረቅ የለም።»

ሄድኩ። ከውጭ ጩኸታቸው ይሰማል። ስለ ጮራ ወይም ስለ ነበልባል መስሎኝ ነበር።

«ፉጨቱ ላይ ነው ኃይሉ» ትላለች ጥሩአለም። «ከበሮው ግን ነበልባልን ሰርቋል።»

«ነበልባል ጠረጴዛ መትቶ ያውቃል?» ይላል አንዳርጌ። «ደግሞ ንግግሩን አትናቂ። የጫማው ነገር ከዘፈኑ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ካሴት ቁጥር ሁለት ሊኖረው ይገባል።»

«ከሁሉም ተቀባዩ ሕፃን ይበልጣል» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ውሻው ነው የሚበልጠው፤ በሰዓቱ ነው የገባው።»

«ሕፃኑ ነው ቀድሞ የገባው!»

«የለም፣ ውሻው ነው!»

በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥሩአለም አየችኝና ሹራብ መሥሪያዋን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ይኸው መጣ። ሽሞን ይናገር። ማን ነው የቀደመ?»

ሁሉም ዞሩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሕፃኑ ነው» አልኩ።

እንደ ድሮው ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ጥሩአለም ሹራቧን ቀጠለች።

«ሳክስፎን ነው ያለውም እሱ ነበር» አለች።

አንዳርጌ ተነሳ። ኮፍያውን አላወለቀም። ካሴቱን የከተተበትን የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ።

«ካሴቱ እኔ ቤት ነው» አለ።

ሁሉም ተቀመጡ። ሕፃኑ ነው የቀደመው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ግን ምን ይደረጋል፣ ካሴቱ እሱ ቤት ነው።