ከኡሱዳ ጎን ያለው ወንበር

ፀደንያ ዳላስ አጠገብ ባለችው ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ አንድ ትልቅ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ጌም ስትጫወት ትውላለች ቢባል ማንም አያምንም፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። ከየሱቁ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተመለሰ የጌም ካሴት ሁሉ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይራገፋል። ትሰካዋለች፣ ጆይስቲኩን ይዛ ትንሽ ትሞክረዋለች፤ ከሠራ ወደ መደርደሪያ፣ ካልሠራ ወደ ቆሻሻ። የአክስቷ ባል፣ ባለታክሲው ጋሼ መኳንንት፣ «የኛ ልጅ ባሕር ተሻግራ መጥታ ተጫዋች ሆነች» እያለ በተገኘበት ሁሉ ያሾፍባታል።

ሥራው ያሰለቻል፤ ማለትም የኡሱዳ ጌሞች እስኪመጡ ድረስ ያሰለች ነበር። ኡሱዳ ጃፓናዊ ነው። ከመጽሔት ቆርጣ ባስቀመጠችው ጽሑፍ እንዳነበበችው፣ በሃያ ዓመቱ አሻንጉሊት ፋብሪካ ውስጥ የአሻንጉሊት ዓይን ይቀባ ነበር። የመጀመሪያ ጌሙን ሲሠራ አለቆቹ ሳቁበት። ጠላት የለው፣ ሽጉጥ የለው፤ አንዲት አሮጊት ፖስተኛ በረዶ የሸፈነው ተራራ ላይ ደብዳቤ ታድላለች፣ በቃ። ያ የተሳቀበት ጌም ከሱቅ ሱቅ ተፈልጎ ታጣ። ቀጥሎ ባሕር ውስጥ የሰመጠው ግንብ መጣ፤ ከዚያም ዝናብ የማያባራባት የገበያ ከተማ። ፀደንያ ሦስቱንም ከልቧ ወደደቻቸው። አሮጊቷ የመጨረሻዋን ደብዳቤ ያደረሰች ዕለትማ፣ ሱፐርቫይዘሯ ቆሞ እያያት አልቅሳለች።

ታዲያ አንድ ነገር ገረማት። የኡሱዳ ካሴቶች ተመልሰው የሚመጡት ደህና ሆነው ነው። ደንበኞቹ ጽፈው የሚለጥፉበት ቅሬታ ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ሰው ከደረጃ መወጣጫ ኋላ ያለ ጥግ ሲገባ ግድግዳው ይውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ጥፋቱ የካሴቱ አይደለም፣ የኡሱዳ የራሱ ነው! ለሱፐርቫይዘሯ ብትነግረው «ይሠራል አይደል? ሼልፍ ላይ አድርጊው» አላት። እሷ ግን ባለካሬ ደብተር ገዝታ እያንዳንዱን የሚውጥ ቦታ በእርሳስ መሳል ጀመረች። በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ደረሰ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኡሱዳ ራሱ ዳላስ እንደሚመጣ ሰማች። ገና ያልወጣውን አራተኛ ጌሙን አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ያሳያል፤ ከሕዝቡም አንድ ሰው መርጦ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ያጫውታል። ፀደንያ ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት። ያንን ደብተር በእጁ መስጠት ነው የምትፈልገው፣ ሌላ ምንም። በፖስታ ብትልከው ማን አንብቦ ያቀብልላታል? ያላት ዕድል ያ ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መኳንንት የኤርፖርት ተራውን ትቶ አደረሳት።

«ማለቴ፣ እኔ ለዚህ ሰውዬ ስል ሁለት ትሪፕ ሚስ አድርጌያለሁ» አለ፣ ታክሲውን ፓርክ እያደረገ። «ሶ፣ ደብተሩን ሳትሰጪው ብትወጪ በእግርሽ ነው የምትመለሺው።»

«ጋሼ፣ በእናትዎ አያስጨንቁኝ፤ ልቤ ሊወጣ ነው!»

ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ሁለት ወንበር። ኡሱዳ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ የተጨማደደ አጭር ሰው ነው። ሕዝቡን ቃኘና ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋ ወደቆመችው ፀደንያ በጣቱ አመለከተ። የሱቁ ማናጀር ማይክራፎኑን አስጠጋላት።

«መጫወት ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ ይቅርብኝ» አለች ፀደንያ።

አመለጣት! ምን ታድርግ፣ ያደገችበት ነው። ሰው ቤት ሄዶ እንደተጋበዙ ዘሎ መቀመጥ ነውር ነው፤ አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ ተለምኖ ነው እሺ የሚባለው። በዚህ ይሉኝታዋ ቴክሳስ ውስጥ ስንት የልደት ኬክ እንዳመለጣት እሷ ናት የምታውቀው። ማናጀሩም «ኦኬ!» ብሎ አጠገቧ ወዳለው ጎረምሳ ዞረ። ፀደንያ በቁሟ አለቀች። ጋሼ መኳንንት ከኋላዋ ግንባሩን በመዳፉ ሲመታ ሰማችው።

ኡሱዳ ግን ጣቱን አላወረደም። አጠገቡ ለቆመችው አስተርጓሚ አንድ ነገር ነገራት።

«እባክሽን ነይ እያለሽ ነው» አለቻት አስተርጓሚዋ።

«ኧረ ከኔ በፊት የመጡ ሰዎች አሉ።»

ኡሱዳ ብድግ አለ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ወንበሩን በገዛ እጁ ሳበላት። ለካ እሱም አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም! ፀደንያ እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ጌሙ ተጀመረ። እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ያለች መንደር፣ በተራራው ሙቀት ዳቦ የሚጋግር ሰውዬ፤ ቀለሙ ዓይን ያሳሳል። ሕዝቡ «ሩጪ! ወደፊት!» እያለ ይጮሃል። የፀደንያ እጅ ግን የለመደውን አደረገ። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ደረጃውን ዞረች፣ ጥጉን ገፋች። ጋጋሪው በግድግዳው ሾልኮ ጨለማ ውስጥ ሰመጠ።

የማናጀሩ ፊት ደም መሰለ። ፀደንያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰውየውን በገዛ ድግሱ ላይ፣ በሕዝብ ፊት አዋረደችው!

ኡሱዳ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ። «ድገሚው» አላት በአስተርጓሚዋ በኩል። ደገመችው፤ ጋጋሪው ሰመጠ። ይሄኔ ኡሱዳ አጨብጭቦ ከት ብሎ ሳቀ።

«አሥር ሰው አራት ወር ሙሉ ፈትሾ ያላገኘው ነው፤ እንዴት አወቅሽ ይልሻል» አለች አስተርጓሚዋ።

«ሁልጊዜ ከደረጃ ኋላ ያለውን ጥግ ይረሱታል» አለች ፀደንያ። «ፖስተኛዋም ላይ፣ ግንቡም ላይ።» ደብተሩንም በሁለት እጇ ሰጠችው።

ገጽ በገጽ አየው። ማናጀሩንም ሕዝቡንም ረሳቸው። አንዱ ገጽ ላይ «አ!» ይላል፣ ሌላው ላይ ራሱን ይይዛል። ጨርሶ ቀና ሲል ፊቱ በደስታ በርቷል። ብዙ ተናገረ።

«ጌሙ ሊታተም ስድስት ሳምንት ነው የቀረው ይልሻል» አለች አስተርጓሚዋ። «እዚህ ዳላስ የሚፈትሹልን ሰዎች አሉ፤ ሁሉም የሚያውቁት ወደፊት መሮጥ ነው። ከሰኞ ጀምሮ አንቺ መጥተሽ እየመራሽ ብታሠሪያቸው...»

«እሺ!» አለች ፀደንያ፣ ሴትየዋ ሳትጨርስ። «እመጣለሁ! እሺ!»

ጋሼ መኳንንት ከሕዝቡ መሀል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ለወጉ እንኳን አንዴ እምቢ በይ እንጂ!»